አንድ ዛፍ፣ አንድ ኩሬ፣ የማይቆም ብርሃን፦ ውጪ የመሣል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው አንድን ቦታ ሳይቀይሩ፣ በዘይት ቀለም፣ በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ሰማይ ሥር ደጋግሞ መሣል ነው። ከፊት ሣር የለበሰ ሜዳና ትንሽ ኩሬ አለ፤ ከመሐል አንድ ሰፊ ዛፍ፣ ከኋላ ሁለት ተደራራቢ ኮረብታዎች። ትዕይንቱ ሆን ተብሎ ቀላል ሆኖ ተመርጧል። የሚጠናው ቅርጹ ሳይሆን ብርሃኑ ነው፤ ቅርጹ ከከበደ ዓይን ብርሃኑን ማየት ይተዋል።

ዝግጅት

ሰሌዳው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው፤ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ 12 ፍሬ ተዘጋጅቷል። ከዚህ የተለቀ ሰሌዳ ብርሃኑ ሳይሄድ በቀለም አይሸፈንም። ፊቱ አክሪሊክ ጌሶ (ቀለም እንዲይዝ የሚቀባ ነጭ መደብ) 3 ጊዜ፣ ጀርባው 2 ጊዜ ተቀብቷል። ጀርባው ሳይቀባ ከቀረ እርጥበት በአንድ ወገን ብቻ ስለሚገባ ሰሌዳው ይጣመማል። እያንዳንዱ ቅብ ከደረቀ በኋላ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ ለስልሷል። በጣም ከለሰለሰ ብሩሹ ይንሸራተታል፣ ቀለሙም አይይዝም፤ ጣት ሲነካው ትንሽ መሻከር አለበት።

መደቡ ነጭ ሆኖ አልተተወም። በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) በሰፊ ብሩሽ ተቀብቶ ወዲያው በጨርቅ ተጠርጓል። ነጭ ሰሌዳ ውጪ ላይ ያንጸባርቃል፤ ከነጩ አጠገብ የሚቀመጥ ማንኛውም ቀለም ከልኩ በላይ ጠቁሮ ስለሚታይ ሠዓሊው ሳያውቀው ሁሉን ያነጣዋል። አክሪሊኩ ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ፈጽሞ አይገለበጥም፤ በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ተላቅቆ ይወድቃል።

ቀለሞቹ ሰባት ናቸው፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ፈዛዛ ካድሚየም ቢጫ፣ ቢጫ ኦከር፣ ካድሚየም ቀይ፣ አሊዛሪን ክሪምሰን (ጥልቅ ቀይ፣ ብርሃን የማያደበዝዘው ዓይነት)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ እና በርንት ሲየና። ጥቁር የለም፤ አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲዋሐዱ ከጥቁር የተሻለ ሕይወት ያለው ጨለማ ይሰጣሉ። ከቱቦ የሚወጣ አረንጓዴም አልተያዘም፤ ምክንያቱ ቀን 6 ላይ ይመጣል። በፓሌቱ (ቀለም በሚዋሐድበት ጠፍጣፋ ዕቃ) ላይ ነጩ በዋልኑት ፍሬ መጠን፣ ሌሎቹ በሽምብራ መጠን ይቀመጣሉ፤ ቦታቸው በየቀኑ አንድ ነው። ብርሃን እየሮጠ ቀለም መፈለግ ጊዜ ይበላል።

ይህ ሁሉ ከቱቦ የሚወጣ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 የሚጨመቀውን የብረት ቱቦ በስሙ እስኪያስመዘግብ ድረስ የዘይት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ነበር፤ ፊኛው ተወግቶ ቀለሙ ይወጣል፣ ቀዳዳውም በደንብ አይዘጋም። በዚያ ዕቃ በየቀኑ ሜዳ መውጣት ፈተና ነው።

የቀረው ዕቃ፦ ባለ ጠፍጣፋ አፍ ብሩሽ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ቁጥር ከየዓይነቱ ሁለት፣ አንዱ ለብርሃን አንዱ ለጥላ፤ ቀጭን ረጅም ብሩሽ 1፤ ስፓቱላ፤ ሽታ የሌለው ማቅጠኛ 100 ሚሊ ሊትር ክዳኑ በሚጠብቅ ማሰሮ፤ የተልባ ዘይት 20 ሚሊ ሊትር፤ ጨርቅ፤ እንዲሁም ውሃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ። ይህ የመጨረሻው ያገለገሉ ጨርቆች የሚጣሉበት ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ሙቀትም ይፈጥራል፤ ተጨማድዶ የተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት ይነድዳል።

አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አለ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመው እሱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ከሥዕል ማቆሚያው 3 እርምጃ ርቆ ሜዳው ላይ ተተክሏል። የጥላው ርዝመት በሜትር ይለካል፣ የጥላው ጫፍም በጠጠር ምልክት ይደረግበታል።

ቀን 1፣ ጠዋት፣ ሰሌዳ 1

መነሻ 12፡50፣ የእንጨቱ ጥላ 5 ሜትር። ማብቂያ 2፡10፣ ጥላው 1.65 ሜትር።

ሰሌዳው ወድቋል፤ ተፍቆ ተጥሏል። የወደቀበት ምክንያት ግን በዝርዝር ሊጻፍ ይገባዋል። ሰማዩ የተቀባው በ12፡55 ነው፤ ወደ አድማሱ የሞቀ ቢጫ አለው። የዛፉ ጥላ በ1፡30 ተቀባ፤ ያኔ አጥሮና ወደ ሰማያዊ ሄዶ ነበር። ኮረብታው በ2፡00 ሲቀባ ፀሐይዋ በገጹ ላይ ስለወጣች ጠፍጣፋና ፈዛዛ ሆኗል። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሦስት ፀሐይ ያለበት ቦታ ይመስላል። ብርሃኑን መከተል ማለት ይህ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚፈጥን እንጨቱ ያሳያል። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ስትል የ1 ሜትር እንጨት ጥላ 5.67 ሜትር ነው፤ 15 ዲግሪ ላይ 3.73 ሜትር። በ5 ዲግሪ ልዩነት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ጠፋ። ከ45 ወደ 50 ዲግሪ ስትወጣ ግን ጥላው ከ1 ሜትር ወደ 84 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። ፀሐይ ቀጥ ብላ በምትወጣበት አካባቢ ሁለቱም ጉዞ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከምድር ወገብ ርቀው ለሚሠሩ ፀሐይ ዘንበል ብላ ስለምትወጣ ጊዜው ረዘም ይላል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ቀን 1፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰሌዳ 2

መነሻ 10፡45፣ ጥላ 2.6 ሜትር።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጥላው ይረዝማል፣ ብርሃኑም ይሞቃል (ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል)። ስለዚህ በመነሻው የሚታየው ጥላ አልተነደፈም። እንጨቱ 3.7 ሜትር ጥላ ሲጥል የዛፉ ጥላ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ተገምቶ ያ ተነድፏል፤ ግምቱ ቀላል ነው፣ የዛፉ ጥላም በዚያው መጠን ይረዝማል። በ11፡10 ብርሃኑ ወደ ንድፉ መጣ። ለማሳደድ ሳይሆን ለመጠበቅ መሥራት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ይህ ዘዴ ከጠዋቱ በእጅጉ ይቀላል፣ ምክንያቱም የሚጠበቀው ብርሃን ገና ይመጣል።

ስህተት፦ የሣሩ ብርሃን በነጭ ብቻ ፈክቷል። ነጭ ያነጣል እንጂ አያሞቅም። ፀሐይ 10 ዲግሪ ላይ ስትሆን ብርሃኗ በአናት ላይ ካለችበት ጊዜ 5 ዕጥፍ ተኩል የሚሆን አየር ያቋርጣል፤ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ቢጫውና ቀዩ ይቀራል። መፍትሔው ከመነሻው በፊት የ«ብርሃን ነጭ» ማዘጋጀት ነው፦ ነጭ 8 ክፍል፣ ካድሚየም ቢጫ 1 ክፍል፣ ካድሚየም ቀይ በብሩሽ ጫፍ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ማንኛውም ብርሃናማ ቦታ የሚፈካው በዚህ እንጂ በጥሬ ነጭ አይደለም።

ቀን 2፣ ጠዋት፣ ሰሌዳ 3

መነሻ 1፡05፣ ጥላ 3.7 ሜትር። የሥራ ሕግ ወጣ፦ ጥላው ሩቡን ከማጣቱ በፊት (2.8 ሜትር) የጥላ ቅርጾች ሁሉ በሰሌዳው ላይ ተቆልፈው ያልቃሉ። ግማሹን ሲያጣ (1.85 ሜትር) ብሩሽ ይቀመጣል። በዚህ ጠዋት የመጀመሪያው 19 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 52 ደቂቃ ሰጥቷል።

በ19ኙ ደቂቃ የተሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ 4 ደቂቃ በ6 በ7.5 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ውስጥ በለስላሳ እርሳስ ንድፍ፤ ሦስት ደረጃ ብቻ፣ ፈዛዛ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። ዓይን ጨፈን ተደርጎ ይታያል፤ ያኔ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቆቹ ቅርጾች ብቻ ይቀራሉ። ቀጥሎ 3 ደቂቃ በቀጠነ በርንት ሲየናና አልትራማሪን ሰሌዳው ላይ መስመር። ከዚያ 10 ደቂቃ ጥላ፦ የዛፉ ውስጥ፣ የዛፉ ሥር፣ የኩሬው ዳር፣ የኮረብታው ጐን። በማቅጠኛ ቀጥኖ፣ ያለ ነጭ። ከዚህ በኋላ ጥላው ሜዳው ላይ ቢንቀሳቀስም ሰሌዳው ላይ አይንቀሳቀስም። ይህ ውሳኔ ከባድ ነው፤ በ1፡40 ዛፉ ሥር የሚታየው ከሰሌዳው የተለየና ብዙ ጊዜም የሚያምር ነው። ይታለፋል። ለእሱ ሌላ ሰሌዳ አለ።

የቀረው ጊዜ ለብርሃን ነው። የደረጃው ቅደም ተከተል (1 ነጭ፣ 9 ጥቁር ብሎ)፦ ሰማይ 2፣ ሜዳ 4፣ ዘንበል ያለው ኮረብታ 5፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ዛፍ 7። ምክንያቱ የገጹ ዘንበልታ ነው። ሰማይ የብርሃን ምንጭ ነው፤ ተዘርግቶ የተኛ ሜዳ ከላይ ብዙ ብርሃን ይቀበላል፤ ዘንበል ያለው ያነሰ፤ የቆመው ከሁሉም ያነሰ። ውሃና በረዶ እንዲሁም የጠለቀች ፀሐይ ይህን ቅደም ተከተል ያፈርሱታል፣ ለተራ ቀን ግን ይይዛል።

ቅልቅሎች፦ የራቀው ኮረብታ፣ ነጭ 6፣ አልትራማሪን 2፣ በርንት ሲየና 1፣ አሊዛሪን ጥቂት። የቀረበው ኮረብታ፣ ነጩ ወደ 3 ይወርዳል፣ ቢጫ ኦከር 1 ይጨመራል። ብርሃን ያረፈበት ሣር፣ ካድሚየም ቢጫ 3፣ አልትራማሪን 1፣ ነጭ 1፣ በርንት ሲየና በጫፍ። ጥላ ያረፈበት ሣር፣ አልትራማሪን 3፣ ቢጫ ኦከር 2፣ በርንት ሲየና 1።

ሰሌዳው ቆሟል። አላለቀም፣ ግን የአንድ ሰዓት ብርሃን ብቻ ይዟል።

ቀን 3፣ ሙሉ ደመና፣ ሰሌዳ 4

እንጨቱ ጥላ የለውም። ከ3፡00 እስከ 5፡30 ተሠራ፣ ብርሃኑም ይህን ያህል አልተለወጠም። ለጀማሪ ከፀሐያማ ቀን ይልቅ ይህ ቀን ይመረጣል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ረጋ ብሎ ቀለም ማዋሐድ ይቻላል።

ስህተቱ ሁሉን ግራጫ ማድረግ ነበር። በደመና ቀን ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ሁሉን ይነካል፤ ጠርዞች ይለሰልሳሉ፣ የሣሩና የአፈሩ የራሳቸው ቀለም ግን ከፀሐያማው ቀን ይልቅ ይጐላል። ብርሃኑ ቀዝቃዛ (ወደ ሰማያዊ ያደላ) ስለሆነ ጥላው በንጽጽር ይሞቃል። በዛፉ ሥር ባለው ጥላ ውስጥ አልትራማሪኑ ተቀንሶ በርንት ሲየና ሲጨመር ቦታው ወዲያው ተነሣ። የደመናው ሰማይ ራሱ ከታሰበው በላይ ፈዛዛ ነው፤ መጀመሪያ 4 ደረጃ ላይ ተቀብቶ ነበር፣ ወደ 2 ተመለሰ።

ቀን 4፣ የተበታተነ ደመና፣ ሰሌዳ 5

ከሁሉም አስቸጋሪው ቀን። ፀሐይ በየ3 እና በየ5 ደቂቃው ትገባለች፣ ትወጣለች። አማራጩ ሁለት ነው፦ ሜዳውን በሙሉ በብርሃን መሣል፣ ወይም በሙሉ በደመና ጥላ። ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም፤ ካልሆነ አንድ የደመና ጥላ ሆን ተብሎ በአንድ ቦታ ተመርጦ ይቀመጣል። የተመረጠው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የቀረበው ኮረብታ በጥላ፣ ዛፉና ሜዳው በብርሃን። ፀሐይ ስትገባ እጅ አይቆምም፣ ኮረብታው ይሠራል፤ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይዞራል። ለሁለቱ ሁለት የብሩሽ ስብስብ መያዙ እዚህ ዋጋውን አሳየ።

ከዚያ በኋላ ከሰሌዳው ፍርፋሪ በተቆረጡ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች ላይ ደመና ብቻ ተሣለ፤ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሃምስቴድ በተባለው ቦታ እንዲህ ያሉ የሰማይ ጥናቶችን በብዛት ሠርቶ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር። ከዚህ ቀን ጀምሮ በሁሉም ሰሌዳ ጀርባ ቀን፣ ሰዓት፣ የጥላው ርዝመትና ነፋስ ተጽፏል። ያለዚያ ማስታወሻ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ሰሌዳው መመለስ ግምት ብቻ ይሆናል።

ደመና ላይ የታየ፦ የደመናው ሥር ወደ አድማስ ሲሄድ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ደመናዎቹም ያንሳሉ፣ ይቀራረባሉ። ሁሉም አንድ መጠን ከሆነ ሰማዩ ግድግዳ ይመስላል።

ቀን 5፣ ምርመራ፣ ቤት ውስጥ

ሰሌዳ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ጐን ለጐን በመስኮት ብርሃን ታዩ። ሰሌዳ 3 ከሁሉም ጠቁሯል፤ ኮረብታው ጭቃ ይመስላል። መንሥኤው ተገኘ፦ ፀሐይ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ታርፍ ነበር። በዚያ ብርሃን ቀለሙ ስለሚፈካ እጅ ያጠቁረዋል፤ ቤት ሲገባ ጥቁረቱ ብቻ ይቀራል። ሰሌዳው በጥላ፣ ፓሌቱ በፀሐይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የተዋሐደው ቀለም ሰሌዳው ላይ ሲቀመጥ ሌላ ይሆናል።

እርማቱ ወጪ የለውም። ማቆሚያው ዞሮ የሰሌዳውም የፓሌቱም ፊት ለፀሐይ ጀርባ ይሰጣል። ያ ካልተቻለ ጃንጥላ፣ ግን ጥቁር ወይም ግራጫ፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጃንጥላ ቀለሙን ሰሌዳው ላይ ያፈሳል። ደማቅ ሸሚዝም እንዲሁ ያደርጋል፤ ግራጫ ይለበሳል። በዛፍ ሥር መቆምም አደጋ አለው፣ በቅጠል የተጣራ ብርሃን አረንጓዴ ስለሆነ ሠዓሊው ለማካካስ ሁሉን ያቀላል። ባለ ቀለም መነጽር ይወልቃል።

ለማረጋገጫ ባለ 5 ደረጃ የግራጫ መስፈሪያ በ3 በ15 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ተቀብቶ ከማቆሚያው ጋር ተሰቅሏል። ጥርጣሬ ሲመጣ ከሰሌዳው አጠገብ ይያዛል፤ እሱ የጠቆረ ከመሰለ ዓይኑ ተሳስቷል።

ቀን 6፣ ጠዋት፣ ሰሌዳ 6 እና የአረንጓዴው ጉዳይ

ፀሐይ ከዛፉ በስተጀርባ። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ዛፉን ፕላስቲክ ያደርገዋል፤ በዚህ ብርሃን ደግሞ ዛፉ ቢያንስ ሦስት አረንጓዴ አለው። ብርሃን ሰንጥቆት የሚያልፈው ቅጠል ከሁሉም ሞቃትና ደማቅ ነው፦ ካድሚየም ቢጫ 5፣ አልትራማሪን 1፣ ነጭ ሳይገባ። ወደ ሰማይ የተገለበጠው የቅጠል ገጽ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ቀዝቃዛና ወደ ግራጫ ያደላ ነው፦ አልትራማሪን 2፣ ቢጫ ኦከር 2፣ ነጭ 2። የዛፉ ውስጥ ወደ ቡናማ የሚሄድ ጨለማ ነው፦ አልትራማሪን 2፣ በርንት ሲየና 2፣ አሊዛሪን ጥቂት። አረንጓዴው አሁንም ከጮኸ ካድሚየም ቀይ በብሩሽ ጫፍ ያረጋጋዋል።

በቅጠሉ መሐል የሚታዩት የሰማይ ቀዳዳዎች መጀመሪያ በሰማዩ ሙሉ ፍካት ተቀብተው እንደ ፋኖስ በሩ። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ መጥቆር አለበት፤ በዙሪያው ያሉ ቅጠሎች ብርሃኑን ይበሉታል።

ዕለቱን ሰሌዳ 3 ደግሞ ተመልሷል፣ 1፡05፣ ጥላ 3.7 ሜትር። በማቅጠኛ የቀጠነው ታችኛው ቅብ በ4 ቀን ሲነካ ደርቋል። የተጨመረው ቀለም ትንሽ የተልባ ዘይት አለው፤ ከላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ከታቹ የበለጠ ዘይት ካልያዘ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ኮረብታው በአንድ ደረጃ ፈካ።

ቀን 8፣ ነፋስ፣ ኩሬው፣ ሰሌዳ 7

ማቆሚያው ሁለት ጊዜ ተናወጠ። 3 ኪሎ ድንጋይ በከረጢት ተሞልቶ ከሦስቱ እግሮች መሐል ተንጠለጠለ፣ ቆመ።

ነፋስ ሳይኖር ኩሬው ውስጥ የሚታየው ነጸብራቅ የላዩ ግልባጭ አይደለም፦ ፈዛዛው ነገር ውሃው ላይ ትንሽ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ትንሽ ይፈካል። ነጸብራቁ የሚያየው ከውሃው ደረጃ ስለሆነ የዛፉን ሥር ሳይሆን የቅርንጫፎቹን ታች ያሳያል። እግር ሥር ያለው ውሃ ወደ ታች ስለሚታይ የኩሬውን ወለል ያሳያል፤ ራቅ ያለው ዓይን በዝቅተኛ ማዕዘን ስለሚያየው ሰማዩን ይመልሳል። በአንድ ኩሬ ውስጥ ያለውን ይህን ሽግግር ያልቀባ ሰው ውሃው ለምን እንደ ቆርቆሮ እንደሚቆም አያውቅም።

ነፋስ ሲነካው ነጸብራቁ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ጠርዙም ይጠፋል፤ ሞገድ የያዘው ቦታ ደግሞ የሰማዩን ቀለም የያዘ ቀጭን አግድም ሰቅ ሆኖ ይታያል። ቅብ፦ መጀመሪያ ነጸብራቁ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ በንጹሕ ደረቅ ብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻ አግድም። ሁለት ጊዜ ከሄደ ይጨቀያል።

ቀን 10፣ ተራ በተራ፣ ሰሌዳ 8፣ 9 እና 10

ሦስት ሰሌዳ ይዞ መውጣት፣ ጥላው በተለወጠ ቁጥር ሰሌዳ መለወጥ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 «የድርቆሽ ክምሮች» የተባሉትን ሥዕሎቹን ሲሥል የሄደበት መንገድ ይህ ነው፤ ብርሃኑ ሲሄድ ሸራውን ይለውጣል፣ ብርሃኑ በሌላ ቀን ሲመለስ ወደ ሸራው ይመለሳል። ሰሌዳ 8 ከ3.7 እስከ 2.4 ሜትር፣ ሰሌዳ 9 ከ2.4 እስከ 1.6 ሜትር፣ ሰሌዳ 10 ከ1.6 እስከ 1 ሜትር። ለሦስት ጠዋት በተከታታይ ሰማዩ ጠርቶ ስለዋለ ሦስቱም ሦስት ጊዜ ተነኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ የጥላው ርዝመት የቆመ ይመስላል፣ አቅጣጫው ግን በፍጥነት ይዞራል። ሰሌዳ 10 ላይ ርዝመቱን ብቻ መለካት አሳስቶ የዛፉ ጥላ ወደ ሌላ ጐን ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን የጠጠሩ አቅጣጫም ይመዘገባል።

ሰሌዳዎቹ ሲጓጓዙ ፊት ለፊት ተደርገው በአራቱ ጥግ 1 ሴንቲ ሜትር ቡሽ ተደርጎ በላስቲክ ይታሰራሉ። ቡሹ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነጥብ ቤት በብሩሽ ይታረማል።

ቀን 11፣ ማምሻ፣ ሰሌዳ 11

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 25 ደቂቃ። ብርሃን ሲያንስ ዓይን ለቀይ ይደክማል፣ ለሰማያዊ ይነቃል፤ ፑርኪንዬ የተባለው የቼክ ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነው። ፓሌቱ ላይ ያለው በርንት ሲየናም ጥቁር ይመስላል፣ ስለዚህ የሚዋሐደው በዓይን አይታመንም። ቀለሞቹ ብርሃን ሳለ፣ 11፡40 ላይ፣ በ5 ክምር ተዋሕደው ተቀምጠው ነበር፤ ጨለማ ሲመጣ ቦታቸው በእጅ ታውቆ ተቀቡ። ሰማዩ 4 ደረጃ፣ ኩሬው 5፣ ሜዳውና ዛፉ አንድ ላይ 8። ባትሪ መብራት የራሱን ቀለም ስለሚያፈስ አልተጠቀምንበትም።

በማግስቱ ጠዋት ሲታይ ሰማዩ ከታሰበው በላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ ቢጫ ኦከሩ በዝቶ ነበር። ለሰሌዳ 12 ኦከሩ በግማሽ ተቀንሶ በምትኩ አሊዛሪን በብሩሽ ጫፍ ይገባል። እንጨቱ ቦታው ላይ አለ።